ባንኩ «ፔኒ የለም» ካለኝ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው፤ እናንተ መልስ እንዴት ትሰጣላችሁ?

ባለሱቁ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የወንድሜን ሱቅ ይዤ እሠራለሁ። ትንሽ የማዕዘን ሱቅ ናት፤ ወተት፣ ለስላሳ፣ ሲጋራ፣ የሎተሪ ቲኬት፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ትኩስ እንጀራ እንሸጣለን። ዓርብ ዓርብ ባንክ ሄጄ አራት ጥቅል ፔኒ፣ ማለት ባለ አንድ ሳንቲሟን፣ አመጣለሁ። አንዱ ጥቅል 50 ፍሬ ነውና ሁለት ዶላር መሆኑ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ገንዘብ ከፋይዋ «አልቋል» አለችኝ። በሚቀጥለው ዓርብም እንዲሁ። ባለፈው ዓርብ ገና በበሩ ስገባ ከሩቅ አይታኝ እጇን አወዛወዘች፤ ወረፋ እንኳን ሳልይዝ ተመለስኩ።

ወሬውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ለገበያ የሚውሉት የመጨረሻዎቹ ፔኒዎች ፊላደልፊያ ውስጥ የተመቱት እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 12 ቀን 2025 ነው፤ በእኛ ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.። አንዷን ለመሥራት 3.69 ሳንቲም ይፈጅ ነበር። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም፤ ሦስት ብር ከሰባ አውጥቶ አንድ ብር የሚያመርት ነጋዴ ቢኖር እኔም «ዝጋው» እለዋለሁ። የእኔ ችግር ከመሳቢያው በዚህ በኩል ነው።

ሰኞ ዕለት አንድ ሽማግሌ ሒሳባቸው 7 ዶላር ከ42 ሆነና 7 ከ50 ሰጡኝ። መልሱ 8 ሳንቲም ነው። መሳቢያው ውስጥ አንድም ፔኒ የለም። ባለ አሥር ሳንቲሟን ዳይም አንሥቼ ሰጠኋቸው፤ መርቀውኝ ሄዱ። ከኋላቸው የቆመችው የሰፈራችን ልጅ ሒሳቧ 3 ከ38 ሆነ፤ አራት ዶላር ሰጠችኝ። 62 ልመልስላት ሲገባኝ 60 ሰጠኋት። ልጅቷ የአሥራ ሦስት ወይም የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ብትሆን ነው። ሳንቲሞቹን መዳፏ ላይ ዘርግታ አየቻቸውና «ለእሳቸው ሁለት ጨመርክ፣ ከእኔ ሁለት ቀነስክ» አለችኝ።

ሁለት ሳንቲም ናት። ግን መልስ አጣሁላት። ከዚያ ወዲህ አንዳንዱን ወደ ላይ፣ አንዳንዱን ወደ ታች፣ እንደ ፊቱ እያየሁ እሰጣለሁ። ይህ ደግሞ ደስ አይልም። ለሁሉም ከራሴ ኪስ ልጨምር? ወይስ ምን ታደርጋላችሁ?

ዊኒፔግ ያለሁት

አይዞህ ወንድሜ፣ በዚህ መንገድ እኛ ካናዳ ያለነው ቀድመናችሁ ሄደንበታል። የካናዳ የመጨረሻዋ ፔኒ የተመታችው እዚሁ እኔ ያለሁበት ከተማ፣ ዊኒፔግ ውስጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. ሜይ 4 ቀን 2012። ለባንኮች መከፋፈሏ የቆመው ደግሞ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2013 ነው። የእኛዋ ለመሥራት 1.6 ሳንቲም ብቻ ነበር የምትፈጀው፤ እናንተ ታግሳችኋል።

አሠራሩ ይህ ነው። በጥሬ ገንዘብ ሲከፈል የጠቅላላው ሒሳብ መጨረሻ 1 ወይም 2 ከሆነ ወደ 0 ትወርዳለህ፤ 3 ወይም 4 ከሆነ ወደ 5 ትወጣለህ፤ 6 ወይም 7 ከሆነ ወደ 5 ትወርዳለህ፤ 8 ወይም 9 ከሆነ ወደ 10 ትወጣለህ። በካርድ የሚከፍል ሰው ሒሳቡን እስከ ሳንቲሟ ይከፍላል። የምታጠጋጋው ታክሱ ከተጨመረ በኋላ ጠቅላላውን እንጂ እያንዳንዱን ዕቃ አይደለም። ይህችን አደራ አስምርባት፤ ዕቃ በዕቃ ካጠጋጋህ ሌላ ጣጣ ውስጥ ትገባለህ።

አሁን የአንተን ሰኞ እንይ። የሽማግሌው 42 ወደ 40 ይወርዳል፤ መልሳቸው አሥር ነው። የልጅቷ 38 ወደ 40 ይወጣል፤ መልሷ ስድሳ ነው። ሳታውቀው ለሁለቱም ልክ ሠርተሃል! ያጠፋኸው ነገር ቢኖር ደንቡ በጭንቅላትህም በግድግዳህም ላይ ሳይኖር መሥራትህ ነው። እኔ ያኔ ቡና መሸጫ ውስጥ ነበርኩ። ያ ፌብሩዋሪ 4 ሰኞ ቀን ነበር፤ አለቃችን ከመክፈታችን በፊት በየገንዘብ መቀበያው አጠገብ ወረቀት ለጠፈ። የመጀመሪያውን ሳምንት ሰው ሁሉ ጠበቃ ሆነብን፣ ጣታችንን ወደ ወረቀቱ መቀሰር ብቻ ሆነ ሥራችን። በሦስተኛው ሳምንት የሚያነሣውም አልነበረም።

ተጠራጣሪው

ይህ ሁሉ ማባበያ ነው። ነጋዴ ምን ጊዜም ነጋዴ ነው። ዋጋውን ሁሉ መጨረሻው 3 ወይም 8 እንዲሆን አድርጎ ያወጣና ከእያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ሳንቲም ይለቅማል። ሁለት ሳንቲም በሚሊዮን ደንበኛ ስታባዛው ስንት እንደሆነ እናንተው አስሉት። ይቅርታ ባለሱቁ፣ አንተን ማለቴ አይደለም።

ሒሳብ ያዥ

ተጠራጣሪው፣ ጥርጣሬህ ሞኝነት አይደለም፣ ግን እስከ መጨረሻው አላሰላኸውም።

ሜሪላንድን እንውሰድ፤ የሽያጭ ታክሱ 6 በመቶ ነው። ቡና 2 ከ25 ቢሆን ከነታክሱ 2 ከ39 ይመጣል፤ በጥሬ ገንዘብ 2 ከ40። ሻጩ አንዲት ሳንቲም አተረፈ፣ እንዳልከው። አሁን ያው ሰው 1 ከ35 የሆነች ብስኩት ጨመረ እንበል። ድምሩ 3 ከ60፣ ከነታክሱ 3 ከ82፣ ሲጠጋጋ 3 ከ80። ሻጩ ሁለት ሳንቲም ከሰረ። ደንበኛው ምን ከምን ጋር እንደሚያነሣ ነጋዴው ስለማያውቅ፣ ታክሱም መሀል ገብቶ ስለሚያምሰው፣ የመጨረሻዋ አኃዝ የት እንደምታርፍ ማንም አይመራትም። አንድ ዓይነት ዕቃ ብቻ የሚሸጥ፣ ለምሳሌ የቡና ጋሪ፣ ሊጫወትባት ይችላል። ያንን እቀበላለሁ።

ለባለሱቁ፦ «ለሁሉም ከራሴ ልጨምር» ያልከውንም አስልቼልሃለሁ። ሁልጊዜ ወደ ታች ካወረድክ በአንድ ደንበኛ ከ0 እስከ 4 ሳንቲም ታጣለህ፤ በአማካይ ሁለት። በቀን 60 ሰው በጥሬ ገንዘብ ቢከፍልህ አንድ ዶላር ከ20 ነው። በዓመት ከ430 ዶላር በላይ። ሱቁ የወንድምህ ነው ብለሃል፤ እስቲ መጀመሪያ እሱን ጠይቀው።

አሌክሳንድሪያ ካውንተር ላይ

አንድ ነገር ልጨምር፣ እኛን ስላስጨነቀን። እኛ ሱቅ ፉድ ስታምፕ፣ ማለት መንግሥት ለድሃ የሚሰጠውን የምግብ መግዣ ድጎማ፣ ይቀበላል። ሕጉ የፉድ ስታምፕ ተጠቃሚ ከሌላው ደንበኛ እኩል እንዲስተናገድ ያዛል። ሁልጊዜ ወደ ታች ላውርድ ብዬ በጥሬ ገንዘብ ለሚከፍለው 4 ከ53 የነበረውን ወደ 4 ከ50 ባወርድና፣ በፉድ ስታምፕ ካርድ ለሚከፍለው ግን 4 ከ53 ብቆርጥበት፣ ለድሃው አስወደድኩበት ማለት ነው። ሦስት ሳንቲም ናት፤ ግን ፈቃዱ የሚነጠቀው በሦስት ሳንቲም ይሁን በሦስት ሺህ ዶላር ማን ያውቃል ብሎ ባለቤቱ እንቅልፍ አጥቷል። በዚያ ላይ በአንዳንድ ስቴቶችና ከተሞች ለጥሬ ገንዘብ ከፋይ መልሱ ሳይጎድል ይሰጠው የሚል ሕግ አለ። ፔኒውን ሲያቆሙ የማጠጋጋት ሕግ አብረው አላወጡም። ካናዳዊው ወንድማችን በወረቀት የኮራው ወረቀቱ ከላይ መመሪያ ስለነበረው ነው።

ከረሜላ

አዲስ አበባ ያለሁ ሰው ነኝ፤ ስለ ሁለት ሳንቲም ሦስት ገጽ ስትጽፉ እየሳቅሁ አነበብኩ። የእኔ የቤት መሳቢያ በመልስ ምትክ በተሰጠኝ ማስቲካ ሞልቷል። የመብራት ሒሳቤን በማስቲካ ልክፈል ብል ይቀበሉኝ ይሆን?

ሰሚት ዳር (አዲስ አበባ)

ከረሜላ ቀልዶ አለፈ እንጂ ነገሩ ቀልድ አይደለም። እናንተ ታድላችኋል፤ ሳንቲማችሁ ቀኑ ታውቆ፣ ሰው ተጠርቶ፣ ካሜራ ተተክሎ ነው የሞተው። የእኛ አንድ ሳንቲም፣ አምስት ሳንቲም፣ አሥር ሳንቲም ያለ ለቅሶ ነው የሄዱት። የሻራቸው የለም። «ከዛሬ ጀምሮ» የሚል አዋጅ አልሰማንም። አንድ ቀን ረዳቱ «ይህ አይሠራም» አለ፣ በማግስቱ ባለሱቁ አለ፣ ከዚያ ሁላችንም አልን፣ አለቀ።

ውጤቱ ምን ሆነ? ባለፈው ወር ከአንድ ሱፐርማርኬት ሳሙናና ዘይት ገዛሁ። ደረሰኙ ላይ ጥርት ብሎ 487 ብር ከ65 ሳንቲም ተጽፏል። ልጅቷ «488» አለችኝ። 490 ሰጠኋት፣ ሁለት ብር መለሰችልኝ። ሠላሳ አምስቷ ሳንቲም የት ሄደች? ደረሰኙ ላይ የለችም። ታክሱ የተሰላው በ487 ከ65 ነው። ማታ መሳቢያው ሲቆጠር ትርፍ ሆና ትገኛለች፤ የልጅቷ ትሁን የባለቤቱ አላውቅም፤ የመንግሥት እንዳልሆነች ግን አውቃለሁ፣ የእኔም አይደለችም። ደግሞም አስተውሉ፤ 487 ከ20 ቢሆንም 488 ነው። ወደ 487 የወረደልኝ ቀን በዕድሜዬ ትዝ አይለኝም። ዊኒፔግ ያለው ወንድማችን የነገረን ደንብ ወደ ላይም ወደ ታችም ይሄዳል፤ የእኛው አሳንሰር ግን የሚያውቀው መውጣት ብቻ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ዝርዝር የምትሸጥ እናት ነበሩ። ጃንጥላቸውን ተክለው፣ ማዳበሪያ አንጥፈው፣ ሳንቲሞቹን በየዓይነታቸው እንደ ድፎ ዳቦ ክብ ክብ አድርገው ይቆልሏቸዋል፤ የአሥሩ ለብቻ፣ የስሙኒው ለብቻ፣ የሽልንጉ ለብቻ። አሥር ብር ሰጥቼ ዘጠኝ ብር በዝርዝር እቀበላለሁ፤ አንዷ ብር የድካማቸው ናት። ያን ይዤ ከበሩ እስከ ደጀ ሰላሙ ለተቀመጠው ሁሉ አዳርሳለሁ። የታክሲ ረዳቶችም ጠዋት ጠዋት እሳቸው ዘንድ ይሰለፉ ነበር። የአሥሩ ቁልል መጀመሪያ ጠፋ፣ ቀጥሎ የስሙኒው። አሁን ባለ ሚዛኑ የአንድ ብር ሳንቲም ብቻ ነው የቀራቸው።

በኅዳር ሚካኤል አሮጌ ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ሦስት የአሥር ሳንቲም ፍሬዎች አገኘሁና ከአንድ ብር ጋር ደርቤ በሩ ላይ ለሚቀመጡ ዓይነ ስውር አዛውንት ሰጠሁ። በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ብሩን ያዙ። ሦስቱን ለይተው መለሱልኝና «ልጄ፣ ይህን ለሕፃናት መጫወቻ ስጥልኝ» አሉኝ።

ዊኒፔግ ያለሁት

ሰሚት ዳር፣ ይህን አንብቤ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ ደገምኩላት።

ጋሼ አላድ

ልጆች፣ ስሙኒና ሽልንግ ሲነሣ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሽልንግ ለምን ሽልንግ እንደተባለ የሚያውቅ አለ? ጣሊያን ከወጣ በኋላ አገሩ ላይ የሚሠራው የእንግሊዝ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ነበር። በ1937 ዓ.ም. የራሳችን ገንዘብ ሲወጣ አንዱ ብር በሁለት ሽልንግ ተመነዘረ። ስለዚህ ግማሽ ብር አንድ ሽልንግ ሆነች፤ ሃምሳ ሳንቲምን ሽልንግ ማለት ከዚያ ቀረ። እንግሊዙ ከሄደ፣ ሽልንጉም ከቀረ ስንት ዘመን ሆነው! ስሙ ግን ይኸው ሰሚት ዳር አፍ ላይ አለ።

ስሙኒዋ ሌላ ታሪክ አላት። የጃንሆይ ዘመኗ ስሙኒ መጀመሪያ ክብ ሆና ወጥታ ከሃምሳ ሳንቲሙ ጋር ተመሳሰለች። ሃምሳ ሳንቲሙ የብር ነበር። ስለዚህ ተሰበሰበችና ጠርዟ እየተከረከመ እንደ አበባ ቅጠል ሆነች። በልጅነቴ ኪሴ ውስጥ እጄን ከትቼ ሳላይ የምለያት በዚያ ጠርዟ ነበር፤ እኒያ ዓይነ ስውር አዛውንት እንዳደረጉት።

ተጠራጣሪው

ጋሼ፣ ከይቅርታ ጋር፣ እኔ የማውቀው ስሙኒ ክብ ነው፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው የቆሙበት።

ጋሼ አላድ

አንተ የምትለው የ1969ኙ ነው ልጄ፣ የደርግ ጊዜው። በአንድ በኩል የአንበሳ ራስ፣ በሌላው ያልካቸው ሁለቱ። አሥር ሳንቲሙ ላይ ደግሞ የደጋ አጋዘን አለ። እኔ የምልህ ከዚያ በፊት የነበረውን ነው። ዕጣ ስትጣጣሉ «ጎፈር ወይስ ዘውድ» አትሉም? ዘውዱ ያለው የእኔዋ ላይ ነው። ያንተዋ ጎፈር ብቻ ናት፤ ዘውድ የሚል ሰው ምን እንዲወጣለት እንደሚጠብቅ እስካሁን አልገባኝም።

ተጠራጣሪው

ተሸንፌአለሁ ጋሼ። ዕድሜ ይስጥልኝ።

ከዴራ (ዱባይ)

እኔ የምጽፈው ከሌላ ወገን ነው። ሰው ቤት ነው የምሠራው፤ ማዳም ብር ሰጥታ ገበያ ትልከኛለች፤ ስመለስ ደረሰኙንና መልሱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለሁ። እዚህ ከትናንሾቹ ሳንቲሞች በእጅ የሚገኘው ባለ 25 ፊልሱ ነው፤ ከእሱ በታች ያሉትን ማየት ብርቅ ነው። ደረሰኙ 43 ድርሃም ከ85 ፊልስ ይላል፣ ገንዘብ ተቀባዩ ግን 44 ያስከፍለኛል። ልዩነቱ 15 ፊልስ። በሥራዬ የመጀመሪያው ወር ማዳም ደረሰኙን በእርሳስ እያሰላች ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ። አረብኛዬ ገና አልተፈታም ነበር። «ሱቁ ነው የወሰደው» ማለት አቃተኝ፤ እጄን ብቻ አገላብጬ አሳየኋት። ያን ቀን ማታ የራሴን 25 ፊልስ አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩላት። አልወሰደችውም፣ ግን «አያስፈልግም»ም አላለችኝም።

በኋላ ብልሃት አገኘሁ። ገንዘብ ተቀባዩን ደረሰኙ ጀርባ ላይ የተቀበለውን በእጁ እንዲጽፍልኝ እለምነዋለሁ። አንዳንዱ ይጽፋል፣ አንዳንዱ ይቆጣል። ባለሱቁ፣ ከሱቅህ ለሌላ ሰው የሚገዛ እንዳለ አስብ። ማሽንህ ከቻለ የተጠጋጋውን ሒሳብ ደረሰኙ ላይ አትምላቸው።

ሒሳብ ያዥ

ከዴራ፣ እኔ ስንት ሰንጠረዥ ስሠራ ይህ አልታየኝም። እግዚአብሔር ያክብርሽ።

ናታንያ

እኛ እስራኤል ውስጥ ሁለቴ አልፎብናል። አንድ አጎራ (የሼቄል ሳንቲም) እ.ኤ.አ. በ1991፣ አምስት አጎሮት ደግሞ በ2008 መጀመሪያ ላይ ከገበያ ወጡ። አሁን ትንሹ አሥር አጎሮት ነው። አስቂኙ ነገር፣ አምስቷ ከጠፋች በኋላም የሱቅ ዋጋዎች ለዓመታት 9 ከ99 እያሉ ተለጥፈው ይኖሩ ነበር። በሌለ ሳንቲም ዋጋ! ከ2014 ጀምሮ ያ ተከለከለና 9 ከ90 ሆነ። እናቴ ማንበብ ሳትችል ነው የመጣችው፤ ቁጥር ግን አንድም አያመልጣት። 9 ከ99ን አንድም ቀን ዘጠኝ ብላ ጠርታው አታውቅም፤ «አሥር ነው፣ አታታሉኝ» ነበር የምትለው።

አሜሪካኖቹስ 99ን ይተዉ ይሆን? የምትኖሩት ንገሩን።

አሌክሳንድሪያ ካውንተር ላይ

99ን አይተዉም። ብዙው ሰው በካርድ ስለሚከፍል 99 በካርድ ላይ ምንም አይሆንም። እኔን ይልቅ ያሳሰበኝ ኒክሉ ነው። ፔኒ ከሌለ ባለ አምስቷ ኒክል ሥራዋ ይበዛል። አንዷን ኒክል መሥራት ደግሞ 13.78 ሳንቲም ነበር የሚፈጀው። ከፔኒ ያዳኑትን በኒክል ቢያፈሱት የሚገርም አይሆንም። ቀጣዩ የውይይት ክር ስለ እሷ ይሆናል።

የአወያዩ ማሳሰቢያ

ስለ ዶላርና ብር ምንዛሪ የተጻፉ አራት አስተያየቶች ተነሥተዋል። ለዚያ ሌላ ክር አለ። እዚህ ስለ ድቃቂው ብቻ።

አትላንታ ማሰሮ

አንድ ያልተነሣ ጥያቄ አለ፤ ፔኒው ሁሉ የት ገባ? መንግሥት ገና ወደ 300 ቢሊዮን የሚሆን ፔኒ በሰው እጅ አለ ይላል። ታዲያ ባንኩ ለምን አጣ? መልሱ እኔ ቤት አለ፤ እናንተም ቤት አለ። ፔኒ የአንድ አቅጣጫ መንገደኛ ናት፤ ከባንክ ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ ኪስ፣ ከኪስ ወደ ማሰሮ። ከማሰሮ የሚያወጣት የለም። ሱቁ በየሳምንቱ አዲስ የሚገዛውም ለዚህ ነበር። ምንጩ ሲዘጋ ወንዙ ወዲያው ደረቀ፤ ኩሬው ግን ሞልቷል።

አባቴ ታክሲ ሲነዳ የሰበሰበው አምስት ሊትር የሚይዝ የውሃ ዕቃ ሙሉ ፔኒ ትቶልኛል። ባለፈው ቅዳሜ ከልጄ ጋር ምንጣፉ ላይ ደፋነውና መልቀም ጀመርን። እስከ 1982 ድረስ ፔኒ 95 በመቶ መዳብ ነበረች፤ 3.11 ግራም ትመዝናለች። ከዚያ ወዲህ ያለችው ዚንክ ሆና መዳብ የተቀባች ናት፤ 2.5 ግራም። ልጄ ሚዛን አላስፈለጋትም። እያንዳንዷን ጠረጴዛው ላይ ትጥላታለች፤ የድሮዋ እንደ ቃጭል ታቃጭላለች፣ አዲሷ ደግሞ እንደ ቁልፍ ፍሬ ጠፍ ትላለች። ዓይኗን ጨፍና አንድም አልሳተችም። አንዲት ግራጫ የሆነች የ1943 አገኘን፤ በጦርነቱ መዳብ ለጥይት ስለተፈለገ በብረት የተሠራች። እሷን ለብቻ አስቀመጥናት። ለማቅለጥ ያሰባችሁ ካላችሁ ተዉት፣ ሕግ ይከለክላል።

ለማንኛውም ባለሱቁ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ብትቀርበኝ ኖሮ የዚንኩን ባልዲ አምጥቼ እሰጥህ ነበር። በአካባቢህ እንዲህ ያለ ማሰሮ ያለው ሰው አይጠፋም፤ ጠይቅ። ሳንቲም ቆጣሪው ማሽን ክፍያ ይቆርጥባቸዋል፤ አንተ ሙሉውን ብትሰጣቸው ደስ ይላቸዋል።

ባለሱቁ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ የሒሳብ ያዥን 430 ዶላር ለወንድሜ ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለና «ለሁሉም ልጨምር ያልከው አንተ ነህ?» አለኝ። ስለዚህ የዊኒፔጉን መንገድ ያዝን። ስለ ፉድ ስታምፑ ግን የአሌክሳንድሪያው ወዳጃችን ያስፈራኝ ስለሆነ ሒሳባችንን የሚሠራልንን ባለሙያ አስጠይቄአለሁ፤ እስኪመልስልኝ ከማሰሮ የሰበሰብኩትን ፔኒ መጀመሪያ እየሰጠሁ ነው። አዎ፣ የአትላንታው ምክር ሠርቷል! አንድ ጡረተኛ ጎረቤት በቡና ቆርቆሮ ሞልተው አመጡልኝ፤ አሥራ ሁለት ዶላር ከሃምሳ ሦስት ወጣው። ቢያንስ ለወር ይበቃኛል።

ሁለተኛ፣ ወረቀት ለጠፍኩ። በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ። አማርኛው እንዲህ ይላል፦ «ፔኒ ሲያልቅብን የጥሬ ገንዘብ ጠቅላላ ሒሳብ በቅርብ ወዳለው አምስት ሳንቲም ይጠጋጋል፤ ወደ ላይም፣ ወደ ታችም፣ ለሁሉም ሰው እኩል። የተጠጋጋው ሒሳብ ደረሰኝዎ ላይ ይጻፋል።» የመጨረሻዋ ለከዴራ እህቴ ናት። ማሽናችን ማተም ስለማይችል በእስክሪብቶ እጽፋለሁ።

ሦስተኛ፣ ልጅቷ ትናንት መጣች። የቡናው ቆርቆሮ ገና አልመጣም ነበርና ፔኒ የለኝም። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበች፣ እንግሊዝኛውንም አማርኛውንም። ዳቦና ጭማቂ አነሣች፤ 4 ከ81 ሆነ። አምስት ዶላር ሰጠችኝ። 4 ከ80 ብዬ ደረሰኙ ላይ ጻፍኩና 20 ሳንቲም መለስኩላት። እንደ ሰኞው መዳፏ ላይ ዘርግታ ቆጠረች።

«የዛሬዋ አንድ ሳንቲም ለእኔ ናት» አለች።

አዎ አልኳት።

«እንግዲያው ከሰኞው አንድ ይቀርብሃል» ብላኝ ወጣች።